በወንዙ አፍ የታጨደው ቄጠማ

ባለፈው ወር በመሥሪያ ቤታችን የስብሰባ አዳራሽ አንድ ወጣት ባለሙያ ሣርን እንደ አዲስ ግኝት አቀረበ። ስክሪኑ ላይ የአንድ ወንዝ አፍ ፎቶግራፍ ነበር፤ ከፊት የአሸዋ ክምር፣ ከክምሩ ኋላ ረግረግ፣ በረግረጉ ላይ ከጉልበት ከፍ ያለ አረንጓዴ። ባሕር ሲቆጣና ወንዝ ሲሞላ በዴልታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ከጎርፍ ለመጠበቅ ድንጋይና ኮንክሪት ብቻውን እንደማይበቃ፣ ተፈጥሮ ራሷ የሠራችው አጥር ቢመለስ ግን የማዕበሉን ጉልበት እንደሚያደክመው አስረዳ። የተናገረው ሁሉ ትክክል ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ። ከአጠገቤ የተቀመጡት ኃላፊ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «እንዴት ያለ አዲስ አስተሳሰብ ነው!» አሉኝ።

እኔ አላጨበጨብኩም። እጆቼ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጉ ቀሩ። የፎቶግራፉ ወንዝ የሌላ አገር ወንዝ ነው፤ ተክሉን ግን አውቀዋለሁ። ግንዱ ክብ አይደለም፤ ሦስት ጠርዝ አለው፤ በሁለት ጣት ይዘው ሲያሽከረክሩት ይታወቃል። በሃያ ስድስት ዓመቴ ያንን ተክል በገዛ እጄ ተክዬው ነበር፤ ከሮማ በስተ ምዕራብ፣ የቴቬሬ ወንዝ ባሕር በሚገባበት ቦታ። እንዴት እንደጠፋም አውቃለሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች በቀላሉ የምደነግጥ ሴት አድርገው አይቆጥሩኝም፤ አይሳሳቱም። በዚያ ዓመት የፋሲካ ሰሞን ግን ሁለት ጊዜ ደንግጫለሁ። የመጀመሪያው ድንጋጤ አሁን ሊያስቀኝ ምንም አይቀረውም። ሁለተኛው አለቀቀኝም።

በዚያን ጊዜ በከተማዋ ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የዶክትሬት ተማሪ ነበርኩ። ወንዙ ባሕሩን በሚያገኝበት አሸዋማ ሜዳ ላይ ዝቅ ያሉ፣ ባለቆርቆሮ ቤቶች ነበሩ፤ ዓሣ አጥማጆች፣ ጡረተኞችና ሌላ ቦታ መከራየት ያልቻሉ ሰዎች ይኖሩባቸዋል። በብርዱ ወራት ከደቡብ ምዕራብ ነፋስ ሲነሳ ባሕሩ ዳርቻውን ተሻግሮ ጓሮ ይገባል፤ ከጓሮ ወጥ ቤት። የአንዱን ቤት ማቀዝቀዣ በጡብ ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ፤ አልጋዎቹም እንዲሁ። ነዋሪዎቹ ስለ ጎርፉ ሲናገሩ ድምፃቸውን አያነሱም ነበር፤ በየዓመቱ ሳይጠራ ስለሚመጣ ዘመድ እንደሚያወሩ ያወራሉ። ድሮ በዚያ ዳርቻ ላይ የአሸዋ ክምር እንደነበር ከመካከላቸው ያረጁት ያስታውሳሉ። ክምሩን ለመዋኛ ሥፍራና ለመኪና ማቆሚያ ሲሉ ደለደሉት፤ ከኋላው የነበረውን ረግረግ ደግሞ በፍርስራሽ ሞሉት። ባሕሩ መንገዱ ላይ የሚያቆመው ነገር ሲያጣ መጣ። ይህን ለመረዳት ዶክትሬት አያስፈልግም፤ እኔ ግን ይህንኑ ለማስረዳት ዶክትሬት እሠራ ነበር።

ሥራውን የሚመሩት ፕሮፌሶሬ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ የጭቃ ቦት ጫማ ከክራቫት ጋር የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። «ባሕር ግንብ ሲያይ ይናደዳል» ይሉ ነበር፤ «ለስላሳ መሬት ሲያገኝ ግን ይደክመዋል። የእኛ ሥራ እንዲደክመው ማድረግ ነው።» ከፊት ለፊት የሸምበቆ አጥር ተክለን ነፋሱ አሸዋውን ራሱ እንዲከምር አደረግን። ክምሩ ላይ ቅጠሉ እንደ መርፌ የሚወጋ የአሸዋ ሣር ተከልን። ከክምሩ ኋላ ባለው ረባዳ መሬት ደግሞ ጨው የሚችለውን፣ ባለ ሦስት ጠርዙን ሣር። ሥሩን ከደቡብ በኩል ከተረፈ ረግረግ ቆፍረን፣ በእርጥብ ጆንያ ተሸክመን ነው ያመጣነው፤ ጨውና ብርድ እጄን ሰነጣጥቀውት ነበር። ክምሩ ማዕበሉን ይሰብራል፤ ክምሩን ዘሎ የመጣውን ውሃ ሣሩ ያዘገየዋል፤ መሬቱ ቀስ ብሎ ይጠጣዋል። በረባዳው ላይ ጎን ለጎን ሁለት መደብ ነበረን፤ አንዱ የተተከለ፣ ሌላው ለማነጻጸሪያ ባዶ የተተወ። በሁለቱም ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው ችካሎችና የውሃ መለኪያ ዘንጎች ቆመው ነበር።

ከእኛ ፋሲካ ቀጥሎ ባለው ሐሙስ ኮሚሲዮኔ፣ የመንግሥት ገምጋሚ ቡድን፣ ይመጣል ተባለ። የሚወስነው ከሁለት አንዱን ነበር፤ ወይ ክምሩና ሣሩ በዳርቻው ሁሉ ይቀጥላል፣ ወይ የድንጋይ ግንብ ይሠራል። ሪፖርታችንን አንብበው ጨርሰዋል፤ የቀራቸው ሁለቱን መደቦች ጎን ለጎን ማየት ነው ተባልን። የእኔ ዶክትሬት፣ የእነዚያ ቤቶች ወጥ ቤት፣ ሁለቱም በዚያ ሐሙስ ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ስለዚህ በሰሙነ ሕማማት ወደ ቦታው አልሄድኩም፤ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ የምንናገረውን አዘጋጅ ነበር። ሣሩ ያለ እኔ ማደግ የሚችልበት ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር።

እናቴ ፊሳ ነበረች፤ ማለትም በምትሠራበት ቤት የምታድር የቤት ሠራተኛ። እኔ ፒኜቶ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ፤ እሷ ከከተማው ሌላ ጫፍ ከሲኞራዋ ጋር። ነፃ ጊዜዋ እንደ እሷ ላሉት ሁሉ የሚሰጠው ነበር፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ። የሮማ የእኛ ሰዎች ሕይወት በሙሉ፣ ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ ማኅበሩም፣ ጠቡም፣ በእነዚህ ሁለት ክፍተቶች ውስጥ ተጠቅጥቆ ይኖር ነበር። እናቴን ለማግኘት የሚፈልግ ሰው ቀኑን መጠየቅ አያስፈልገውም፤ የሚጠይቀው ቦታውን ብቻ ነው።

በመጋቢት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቦታውን ላሳያት ወሰድኳት። ወደ ባሕሩ የሚወስደው ባቡር መስኮቱ አይዘጋም፤ ከጥዱ ደን የሙጫ ሽታ ይገባል። ጾም ስለነበር ዘይት ብቻ የተቀባ ትኩስ ፒዛ ቢያንካ ገዝተን፣ ከአውቶቡሱ ወርደን በነፋሱ ውስጥ እየበላን ሄድን፤ ጨው ከዳቦውም ከአየሩም ይመጣ ነበር። ሣሩ ያን ጊዜ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቅ ብሏል። እናቴ ጎንበስ ብላ አንዱን ግንድ በሁለት ጣቷ አሽከረከረችው።

«እኔ የምልሽ፣ ይሄ እኮ ቄጠማ ነው!»

«የቄጠማ ዘመድ ነው እማዬ። የተተከለው ውሃ እንዲያቆም ነው።»

«ሣር?» ሳቀች። «ድንጋይ ያላቆመውን?»

«ድንጋይ ይገፋዋል እንጂ አያቆመውም። ሣር ነው የሚያቆመው።»

«ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አለች ነጠላዋን ከነፋሱ እያስጣለች፤ «የእናንተ ትምህርት አይገባኝም። አበቃቀሉ ግን ደስ ይላል። በረድፍ በረድፍ፣ የደህና ገበሬ ማሳ ይመስላል።» ከዚያ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ዝም አለች። የእናቴ ዝምታ ብዙ ጊዜ የድካም ነው፤ ያን ቀን ግን የዕቅድ ነበር። ይህን ማወቅ አልችልም ነበር።

በሮማ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን አንድ ነገር ይጎድላት ነበር። በቀዳም ስዑር ጠዋት ካህናቱ ለምእመናን ቄጠማ ያድላሉ፤ ሰውም በራሱ ላይ ያስረዋል። ትርጉሙን ልጅም ያውቀዋል፤ ርግብ ለኖኅ ለምለም ቅጠል ይዛ መጥታ የጥፋት ውሃ መጉደሉን እንዳበሠረች፣ ቄጠማውም ሞት መሸነፉን ያበሥራል። ሮማ ውስጥ ግን ቄጠማ የት ይገኛል? አንድ ዓመት ከአበባ ነጋዴ የተገዛ፣ ሽቦ ያለበት አረንጓዴ ታደለ። ሌላ ዓመት ከሆሣዕና የተረፈ ዘንባባ። ቀሲስ መርዓዊ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ በዚያ ዓመት ጾሙ ሲጋመስ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው «ዘንባባ የሆሣዕና ነው፤ እባካችሁ ዘንድሮ አታሳፍሩኝ» ብለው ነበር። የሴቶች ማኅበሩ ነገሩን ለእናቴ ሰጣት። እትዬ ጽጌ ካለች ይገኛል የሚል ዝና ነበራት፤ ያንን ዝናዋን ደግሞ ከደመወዟ በላይ ትወደዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት ዘግይቼ ገባሁ። ሕንፃው በውሰት የተሰጠን የካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ግድግዳው ቀዝቃዛ፣ መስኮቱ ከፍ ያለ። ዲያቆኑ ቃጭሉን እያሰማ ከፊት፣ ቀሲስ ከኋላ ሆነው በረድፎቹ መካከል ያልፋሉ፤ ሴቶች እልል ይላሉ። አረንጓዴው ሲመጣ ከሩቅ አየሁት። ዘንድሮስ ደህና ነገር ተገኘ ብዬ አሰብኩ፤ ይህንን በትክክል አስታውሳለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀሲስ አንድ ዘለላ በእጄ ላይ አደረጉልኝ። እንደ ልማዴ በሁለት ጣቴ አሽከረከርኩት።

ሦስት ጠርዝ ነበረው።

ቀና አልኩ። ከፊቴ፣ ከጎኔ፣ እስከ መቅደሱ ድረስ፣ በያንዳንዱ ራስ ላይ የእኔ መደብ ታስሮ ነበር። በአዛውንቶች ሽበት ላይ፣ በሴቶች ነጠላ ላይ፣ በእናታቸው ትከሻ ላይ በተኙ ሕፃናት ግንባር ላይ። ከሥሩ ነጣ ያለውን፣ በጭቃ ውስጥ የነበረውን ክፍል ሳይቀር አወቅሁት። የምተነፍሰው አየር ራሱ የረግረጉን ሽታ ይሸት ነበር። ተቀመጥኩ። ከኋላዬ የቆሙት አዛውንት «አይዞሽ ልጄ፣ አክፍለሽ ነው?» አሉና የያዝኩትን ቄጠማ ከእጄ ወስደው በገዛ እጃቸው ራሴ ላይ አሰሩልኝ።

እናቴን ከጸሎቱ በኋላ ግቢው ውስጥ አገኘኋት። ከንፈሯ በጾም ደርቋል፤ ፊቷ ግን ያበራል። ከአጠገቧ ጓደኛዋ እትዬ ብርቄ ቆማለች፤ ትልቅ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት፣ ለማኅበሩ ዕቃ ተሸካሚም ተሳዳቢም እሷ ናት።

«እማዬ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከአንቺ እርሻ ነዋ! አላወቅሽውም?» ክንዴን ያዘች። «ቀሲስ ምን አሉኝ መሰለሽ፤ ከአገሬ ከወጣሁ እንዲህ ያለ ቄጠማ በእጄ አልያዝኩም አሉ። ማን ተከለው ሲሉኝ፣ ልጄ አልኳቸዋ።»

«መቼ?»

«ሐሙስ ነዋ፣ መቼ ነፃ እሆናለሁ? ጉልባናችንን ይዘን፣ አምስት ሆነን። የሲኞራን ዶሮ መቁረጫ መቀስ ይዤ። እሷ ለፖንቴው፣ ለረጅሙ የበዓል ዕረፍት፣ ከከተማ ወጥታለች፤ እስከ ዛሬ መታጠቢያ ገንዳዋ ውስጥ ውሃ ሞልቼ አሳደርኩት። አንድ ቅጠል አልጠወለገም።»

«ሁሉንም አጨዳችሁት?»

«ለሰዉ መዳረስ አለበት ብለን ነው እንጂ…» ፊቴን አየች። «እንጨቶቹን አልነካንም። ቁጥር ያለባቸውን። ያንቺ መሆናቸውን አውቀን አንድ በአንድ እየዞርን ነው ያጨድነው።»

አፈጠጥኩባቸው። እትዬ ብርቄ አልወደደችውም።

«ምን ታፈጭብናለሽ አንቺ ልጅ? እኔ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ጉልበቴን ቆርጥሞኝ ነው ያደርኩት። ሣር አይደል? ይበቅላል። ዩኒቨርሲታ የገባ ሰው ስለ ሣር ያለቅሳል እንዴ?»

«ሐሙስ ኮሚሲዮኔ ይመጣል» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «የተተከለውንና ያልተተከለውን አይተው ነው የሚወስኑት። አሁን ሁለቱም አንድ ናቸው። ምንም የማሳየው የለኝም።»

«የቱ ሐሙስ?»

«የሚመጣው።»

እናቴ ቄጠማውን ከራሷ ላይ ፈታችው። ቀስ ብላ ነበር የፈታችው፤ እንዳይበጠስ። «ለውሃው ነው የተተከለው ብለሽኝ አልነበር?» አለች። «ይሄም ለውሃው ነው ብዬ እኮ ነው። የኖኅ ውሃ የጎደለበት…» አልጨረሰችውም። ከዚያ ዘለላውን ዘርግታ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ፦ «መልሰን ብንተክለውስ?»

«ተቆርጧል እማዬ።»

«ገንዳ ውስጥ እኮ አልጠወለገም።»



በትንሣኤ ዕለት ሰው ሁሉ ሲገድፍ እኔ ባቡር ላይ ነበርኩ። ቦታው እናቴ እንዳለችው ነበር። ችካሎቹ ቀጥ ብለው፣ ንጹሕ ሆነው፣ ቁጥራቸው ወደ ባሕሩ ዞሮ ቆመዋል፤ በዙሪያቸው ከቁርጭምጭሚት በታች የተቆረጠ ገለባ። በጥንቃቄ የተሠራ ሥራ ነበር። ሁለቱን መደቦች የሚለየው የገለባው ቀለም ብቻ ነው፤ እሱንም ጎንበስ ካላሉ አያዩትም። ክምሩ ላይ ያለውን የሚወጋውን ሣር አልነኩትም፤ ለራስ አይሆንማ። በአሸዋው ላይ የረገፈ ጉልባን፣ ጥቂት ስንዴና ባቄላ፣ በጉንዳን ተከቦ አየሁ። እዚያ ተቀምጠው በልተዋል፣ ስቀዋል፣ ምናልባትም ዘምረዋል። ለእነዚያ ሴቶች ከዓመቱ ሐሙሶች ሁሉ የተሻለው ሐሙስ ነበር። ይህንን ማሰብ ቁጣዬን አልቀነሰውም፤ መልክ አሳጣው እንጂ።

ለፕሮፌሶሬ ሰኞ ነገርኳቸው። ታሪኩን ሳያቋርጡኝ ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ሥሩስ?»

«አልተነካም።»

«እንግዲያው አልሞተም። በግንቦት መጨረሻ ይመለሳል።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ችግሩ ኮሚሲዮኔ ሥር አያይም።» ሐሙስ ላይ እውነቱን እንድንናገር ተስማማን፤ ሣሩ ታጭዷል፣ ያጨዱት ሰዎች አላወቁም፣ ቀኑ ይራዘምልን። የቀሩትን ቀናት የሚያፍሩብኝን ፊቶች እየገመትኩ አሳለፍኳቸው። ሰብሳቢው እንዴት እንደሚቆጣ፣ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ፣ እንዴት እንደምመልስለት። ለቁጣው ተዘጋጅቼ ነበር። ለቁጣ መዘጋጀት ይቻላል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጡ። ሰብሳቢው ጥቁር መነጽርና የሚያብረቀርቅ ጫማ ያደረገ ሰው ነበር፤ አስፋልቱ በሚያልቅበት ቆመ፤ ከዚያ አላለፈም። ሌሎቹ ከኋላው ቆሙ። ፕሮፌሶሬ ማስረዳት ጀመሩ፤ ክምሩን፣ ረባዳውን፣ በብርዱ ወራት ውሃው የት ድረስ እንደመጣ። ሰብሳቢው ራሱን እየነቀነቀ ወደ ባሕሩ ያያል። ስለ መታጨዱ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ከአውቶቡስ ማቆሚያው በኩል አንዲት ሴት ስትመጣ አየሁ። እናቴ ነበረች። የሲኞራዋን የድሮ ካፖርት ለብሳ፣ ከላዩ ነጠላ ጣል አድርጋ፣ አሸዋው ውስጥ እየሰመጠች።

እንድትመጣ ማንም አልጠየቃትም። ሐሙስ ነበር፤ ነፃ ነበረች። ፕሮፌሶሬን አልፋ፣ እኔን ሳታይ፣ ቀጥታ ሰብሳቢው ፊት ቆመች። ባቡሩ ላይ ስትለማመደው እንደመጣች ከአነጋገሯ አወቅሁ፤ ጣልያንኛዋ የወጥ ቤት ጣልያንኛ ነው፣ ያን ቀን ግን እያንዳንዱን ቃል ለየብቻው አስቀመጠችው።

«ሲኞሬ፣ ሣሩን ያጨድኩት እኔ ነኝ። ልጄ ጥፋት የለባትም። አላወቅሁም ነበር። በእሷ ላይ እንዳታደርጉት።»

ሰብሳቢው መነጽሩን ከፍ አድርጎ አያት። ከዚያ መደቦቹን አየ፤ የተተከለውን፣ ያልተተከለውን፣ ከዚያ እንደገና የመጀመሪያውን። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቅንነት ነበር።

«የቱን ሣር?» አለ።

ፕሮፌሶሬ «እዚህ፣ ፊትዎ፣ በሪፖርቱ ላይ…» ብለው ጀመሩ፤ እሱ ግን በራሱ መንገድ ገብቶት ነበር። ፈገግ አለና እናቴን ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

«ብራቫ ሲኞራ! ጥሩ አጽድተሽዋል። እንዲህ ነው መሆን ያለበት፤ ትንኙም ይቀንሳል።»

ከዚያ ወደ መኪናው እየሄደ፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው፣ ድንጋዩ በሰኔ እንደሚደርስ ለፕሮፌሶሬ ነገራቸው። የተወሰነው ከረጅም ጊዜ በፊት ነበር። ሪፖርቱን አላነበቡም፤ ሣሩ ቢቆምም አያዩትም ነበር። ያን ሳምንት ሙሉ ያላንቀላፋሁት፣ እናቴን ያላናገርኩት፣ ፕሮፌሶሬ ክራቫታቸውን ያሰሩት፣ የተተከለውን ከባዶው ለማይለይ ሰው ነበር። መኪኖቹ ሲነሱ ያስነሱት አሸዋ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ዓይኔን እንኳን አልጨፈንኩም። ሰው ሲደነግጥ ይጮሃል የሚሉት ውሸት ነው፤ ይቆማል።

ባቡሩ ላይ እናቴ ከመስኮቱ በኩል ተቀመጠች።

«ጽዳት መሰልኳቸው አይደል?»

«አዎ።»

«ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ እኮ ነው ያመሰገኑኝ።» እጆቿን ጭኗ ላይ አገላብጣ አየቻቸው። «ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቢሰድቡኝ። ሰው እንዴት የጠፋውን ነገር አያውቅም?»



ሣሩ በግንቦት መጨረሻ ተመለሰ፤ ከበፊቱ ወፍሮ፣ ጠቁሮ። ብቻዬን ሄጄ ለካሁት፤ ልኬቱን የሚፈልገው ሰው አልነበረም። በሰኔ ማሽኖቹ መጥተው ከነሥሩ ገለበጡት። ግንቡ ተሠራ፤ ትልቅ፣ ነጭ፣ ከሩቅ የሚታይ፤ ሪባንም ተቆረጠለት። በቀጣዮቹ ዓመታት ባሕሩ ግንቡን እየመታ ከፊቱ የነበረውን አሸዋ ጠርጎ ወሰደው። በኃይለኛው ነፋስ ግንቡን የሚዘለው ውሃ ደግሞ መውጫ አጣ፤ እንደ ገንዳ ውስጥ ሆኖ በወጥ ቤቶቹ ቀናት ይቆያል። ፕሮፌሶሬ ጡረታ ወጡ። እኔ የዶክትሬቴን ርዕስ ቀይሬ ጨረስኩ፤ ከዚያም ስለ ሌሎች አገሮች ዴልታዎች የሚጻፍበት መሥሪያ ቤት ገባሁ። እዚያ ማንም ጭቃ አይነካም፤ ለእኔ ተስማምቶኛል።

ወጣቱ ባለሙያ ከስብሰባው በኋላ ኮሪደር ላይ አገኘኝ። ከሙከራ ቦታዎቹ አንዱ እዚሁ ሮማ፣ በወንዙ አፍ መሆኑን ነገረኝ፤ ከግንቡ ከፊሉ ይነሳል፣ ክምርና ረግረግ ይመለሳል። ዓይኖቹ ያበሩ ነበር። ሥሩ በየትኛው ወር ቢቆፈር እንደሚሻል፣ በምን ቢሸከሙት እንደማይደርቅ ነገርኩት፤ ከየት እንደማውቅ አልጠየቀኝም። ማጭበርበር አይመስለኝም፤ የሚናገረውን ያምናል። የሚያስደነግጠኝም ይኸው ነው። አንድ እውነት በሃያ ስድስት ዓመት ልጅና በአንድ ሽማግሌ እጅ ላይ ሲሆን ከንቱ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በስክሪን ላይ ሲሆን ግኝት ይባላል፤ በመካከሉ የሰጠሙት ወጥ ቤቶች ግን በየትኛውም አቀራረብ ላይ የሉም። እናቴንም ለብዙ ጊዜ ያጠፋችው እሷ ናት ብዬ ቆጥሬያት ነበር። አሁን ስመዝነው፣ በዚያ ዳርቻ ካለፉት ሰዎች ሁሉ ያንን ሣር አይታ ዋጋ አለው ያለች እሷ ብቻ ናት። ለተሳሳተ ነገር ፈለገችው፤ ግን ፈለገችው።

እናቴ ዛሬ ከእኔ ጋር ፒኜቶ ትኖራለች፤ ሰማንያን አልፋለች፤ የሳምንቱ ቀናት ሁሉ ነፃ ናቸው። ማታ ስገባ ወጥ ቤት ተቀምጣ እሸት ባቄላ ትፈለፍላለች። የሰማሁትን ነገርኳት፤ ድንጋዩ ሊነሳ፣ ሣሩ ሊመለስ መሆኑን። እጇን አቆመች።

«እዚያው ቦታ?»

«እዚያው።»

«እንግዲያው አጥር ይሥሩለት» አለች። «በተለይ በፋሲካ ሰሞን። የእኛን ሰዎች አያውቁም።» ከዚያ ሳቋ ቀረና ዓይኔን ፈልጋ አየችኝ። «አሎራ፣ አሁንስ አዩት?»

«አላዩትም እማዬ» አልኳት። «አነበቡት።»